የቀን ሠራተኛዋ ጋ ያልደረሰው የሠራተኞች ቀን

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጋመስ አንድ ክርክር አይቀርም፣ ሜይ ዴይ፣ ሚያዝያ 23 የሚውለው የሠራተኞች ቀን፣ ምን ይሠራልናል የሚል። ዘንድሮም ቢሮ ሻይ ሰዓት ላይ ተነሳ፣ አንዱ "በዓል በዛ፣ ይቺ አገር መቼ ልትሠራ ነው" ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ "ተው እንጂ፣ አንድ ቀን ብናርፍ ምን አለበት" ትለዋለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ስሰማቸው የታየኝ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱም የወር ደሞዝተኛ ናቸው፣ በዓሉ ኖረም ቀረም ወር ሲሞላ አካውንታቸው ላይ የሚገባው ብር ያው ነው። ስለዚህ ክርክሩ የሚካሄደው በዓሉ ምንም በማይነካቸው ሰዎች መሀል ነው ማለት ነው፣ የሚነካቸው ሰዎች ግን እዛ ሻይ ላይ የሉም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ 23 ጠዋት ያየሁት ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰፈራችን ውስጥ ፎቅ እየተሠራ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሳይቱ የቆርቆሮ በር ጋ ስድስት ሰባት የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ምሳቸውን በፌስታል ቋጥረው። እነዚህ ቀኑን ሙሉ አሸዋና ጠጠር በባሬላ የሚያመላልሱ፣ ብሎኬት የሚያቀብሉ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ በየቀኑ ስለማያቸው መልካቸውን አውቀዋለሁ። በሩ ተቆልፏል። ማታ ሂሳባቸውን ሲቀበሉ ነገ በዓል ነው ያላቸው የለም። ጥበቃው በበሩ ክፍተት ብቅ ብሎ "ዛሬ ሥራ የለም፣ የሠራተኞች ቀን ነው" አላቸው። አንዷ፣ ዕድሜዋ ጠና ያለች፣ "ሂሳብስ አባባ?" ብላ ጠየቀችው። "ካልተሠራ ሂሳብ ከየት ይመጣል እናቴ" አላት፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ እሱም የታዘዘውን ነው የሚናገረው። ምንም አላለችም፣ ፌስታሏን አነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ታክሲው ሄደች። ለመምጫ የከፈለችው ትራንስፖርት አለ፣ ለመመለሻም ትከፍላለች፣ ቀኑ ደግሞ ባዶ።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። የቀን ሂሳቧን ለምሳሌ 400 ብር ብንል፣ በካሌንደራችን ላይ ካሉት በዓላት 12ቱ ብቻ ሥራ ቢያስፈቷት በዓመት 4,800 ብር ነው፣ የ12 ቀን እንጀራ ማለት ነው። ፋሲካና ጥምቀት፣ ኢድና አረፋ ሌላ ነገር ነው፣ እሷም ብትሆን በፋሲካ ልሥራ አትልም። ሚያዝያ 23 ግን በስሟ የተሰየመ ቀን ነው፣ እሷን ለማክበር ተብሎ የተሰየመው ቀን ኪሷን ባዶ አድርጎ ሲመልሳት ነው እኔን የሚከነክነኝ።

ይሄ ደግሞ የአንድ ፎርማን ጥፋት ብቻ አይደለም፣ ሕጉ ራሱ የተወው ክፍተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታችሁ አንቀጽ 73ን ብታዩት የሕዝብ በዓላት ደመወዝ የሚከፈልባቸው ናቸው ይላል፣ ጥሩ። ቀጥሎ አንቀጽ 74 መጀመሪያ ላይ የወር ተከፋይ የሆነ ሠራተኛ በበዓል ቀን ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም ይላል፣ ይሄም ጥሩ። ከዛ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ በወር የማይከፈለው ሠራተኛ የበዓል ክፍያ በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ባሬላ የምትሸከመው ሴትዮ የጽሑፍ ውል አላት? የላትም ማለት ይቻላል፣ በቃል ነው የተቀጠረችው። የኅብረት ስምምነት እንዳይኖራት ማኅበር የለም፣ ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ አንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል፣ ሳይት ላይ ከ10 በላይ ሰው ቢኖርም ግማሹ የሰብ ኮንትራክተሩ ነው፣ ሌላው የፎርማኑ ነው፣ የተቀረው ዛሬ መጥቶ ነገ የሌለ ነው፣ ማን ከማን ጋር ይደራጃል። ስለዚህ "በውሉ ይወሰናል" ማለት እሷ ጋ ሲደርስ "አይከፈልሽም" ማለት ሆኖ ያርፋል።

በበዓል ቀን ለሚሠራ ሰው ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል ይላል፣ ትርፍ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ። ይሄ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ፣ ማኅበር ያለባቸው ፋብሪካዎች፣ አንዳንድ ሆቴሎች፣ ባንክ ምናምን። የቤት ሠራተኛ ጋ ስንመጣ ግን አዋጁ ጭራሽ አይመለከታትም፣ የግል አገልግሎት ቅጥር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወጣለታል ተብሎ ወደ ጎን የተተወ ነው። እሷ ጋ ሜይ ዴይ ማለት ቤቱ ሰው የሞላበት ቀን ነው፣ ባልም ሚስትም ልጆችም እቤት ናቸው፣ ቡናው ሦስቴ ይፈላል፣ ምሳው ይበዛል፣ ሳህኑ ይቆለላል። እኛ ስናርፍ የእሷ ሥራ ይጨምራል። ይሄን ስል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፣ እኛ ቤትም ለዓመታት እንደዚያ ነበር።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ከሆነ ይቅር ለምን አልልም? በዓሉን ያየሁት ከዚህ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር። ግን ቀኑ ከየት እንደመጣ ሲታይ ነገሩ ይለወጣል።

መነሻው ቺካጎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ሜይ 1 ላይ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ሥራ አቁሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፣ በቀን 8 ሰዓት። ከሦስት ቀን በኋላ ሄይማርኬት አደባባይ ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ፖሊሶችም ሰልፈኞችም ሞቱ፣ ቦምቡን ማን እንደወረወረ ሳይታወቅ በዓመቱ ኖቬምበር ላይ አራት ሰዎች ተሰቀሉ። በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ፓርቲዎች ቀኑ በዓለም ደረጃ ሰልፍ የሚወጣበት እንዲሆን ወሰኑ። አሜሪካ ራሷ ግን በ1894 በዓሉን ሴፕቴምበር መጀመሪያ ሰኞ ላይ አደረገችው፣ ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ሌበር ዴይ የሚሉት ይሄን ነው። ዛሬ የኛ አዋጅ አንቀጽ 61 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 አይበልጥም ሲል ያቺ 8 ቁጥር ከዛ የመጣች ናት፣ ሰማይ አልጣላትም።

የኛም አገር ታሪክ ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ሜይ ዴይን ደርግ ነው ያመጣው ይላል፣ እንደ ሕዝብ በዓል ካየነው ልክ ነው። ሠራተኛው ግን ከደርግ በፊትም ነበር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ የሚባለው፣ በ1955 ነው የተቋቋመው፣ በ1966 የካቲት መጨረሻ ላይ የጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አራት ቀን ቆይቶ የንጉሡን መንግሥት ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ደርግ መጣና ያንን ማኅበር አፍርሶ በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ መኢሠማን፣ ከላይ ወደታች አቋቋመ። ከዛ በኋላ ሜይ ዴይ ማለት አብዮት አደባባይ ላይ በቀበሌና በመሥሪያ ቤት ተጠርቶ መሰለፍ፣ ቀይ መፈክር፣ "ወዛደር" የሚል ቃል ሆነ። አጎቴ አቃቂ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ስለ ሜይ ዴይ ስጠይቀው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ፀሐዩንና ስም የሚጠራውን ካድሬ ነው፣ ንግግሩን አንድም ቃል አያስታውስም። "እኛን ነው የሚያከብሩት ተባልን፣ እኛ ግን እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር" ይለኛል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዛው 1969 ሚያዝያ 21 ነው፣ ለሜይ ዴይ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢሕአፓ የጠራውን ሰልፍ ሊወጡ የነበሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ተማሪ ልጆች፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሌሊት በመቶዎች ተገደሉ። ዕድሜያቸው የገፋ የአዲስ አበባ እናቶች ጋ ሜይ ዴይ ሲባል የሚታወሳቸው ፓሬድ አይደለም፣ ያ ሌሊት ነው። ይሄን በዓል ከካሌንደር ላይ እንሰርዝ የሚል ሰው ይሄንንም አብሮ ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ቀኑ ያለው ትዝታ የደርግ መፈክር ብቻ ስላልሆነ።

ደርግ ሲወድቅ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ወዲያው ቀረ፣ ሚያዝያ 23 ግን ቆየ። ለምን? አንደኛው ምክንያት ቀኑ የአንድ መንግሥት ንብረት ስላልሆነ ነው፣ ቤይሩትም፣ ናይሮቢም፣ ፓሪስም የሚከበር ቀን ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች እንደ አሜሪካ ወደ ሰኞ እናዙረው ሲሉ ልቤ የማይቀበለው፣ ለምርት እንደሚመች ይገባኛል፣ ግን ቀኑ ከቀሪው ዓለም ሠራተኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይበጠሳል፣ ከዛ በኋላ ረጅም ዊኬንድ ነው የሚሆነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ኢኮኖሚው ክርክር እንምጣ፣ ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም። አንድ ወዳጄ ስድስት ሠራተኛ ያለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለው፣ በርና መስኮት ይሠራል። በ2016 የሆነውን ሲነግረኝ፣ ሜይ ዴይ ረቡዕ ዋለ፣ በሰሞነ ሕማማት መሀል፣ ዓርብ ስቅለት፣ እሁድ ፋሲካ፣ የአርበኞች ቀንም እዛው እሁድ ላይ ተደረበ። "ሳምንቱን ሙሉ ማሽን አልተነሳም፣ ኪራይ ግን ይቆጥራል" አለኝ፣ እውነቱን ነው። ሚያዝያ ላይ በዓላቱ ተቀራርበው ሲመጡ ትንሽ አሠሪ ይጎዳል፣ እጥፍ ከፍሎ እንዳያሠራ አቅም የለውም፣ ዘግቶ እንዳያርፍ ደንበኛ ቀጠሮ ይዞበታል።

ግን እስቲ አብረን እናስላ። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በዓመት 312 ቀን አለው፣ ከዛ ላይ በዓላቱንና የዓመት ፈቃዱን፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ 16 የሥራ ቀን ነው፣ ስትቀንሱ ወደ 280 ይጠጋል። ሜይ ዴይ ከ280 አንድ ነው፣ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያው ሠራተኛ በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቢያቃጥል በዓመት 280 ሰዓት፣ በ8 ሲካፈል 35 የሥራ ቀን ነው። መብራት ሲጠፋ የሚቆመው፣ ብረት ጠፍቶ የሚጠበቀው፣ ለአንዲት ማህተም ሦስት ቀን የሚመላለሱበት ሲጨመር ደግሞ እናንተው አስቡት። ወዳጄን ይሄን ስለው ትንሽ አሰብ አድርጎ "መብራቱን ቢያስተካክሉልኝ ሜይ ዴይን እኔ ራሴ ድግስ እደግሳለሁ" አለኝ፣ ከልቡ ነው። አገር በበዓል ብዛት ደኸየች የሚለው ነገር ሲመረመር የሚቆም አይደለም፣ ምርታማነት የሚፈሰው ሌላ ቀዳዳ ላይ ነው።

እኔ ቀኑን በዋናነት የምፈልገው ግን ለዕረፍቱ እንኳ አይደለም፣ ቀኑ የዓመት ቀጠሮ ስለሆነ ነው። በዓመት አንዴ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ መንግሥት ፊት ቆሞ ያለፈው ዓመት ጥያቄ የት ደረሰ የሚልበት ቀን ነው። የደመወዝ ግብሩን አስታውሱ፣ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ለዓመታት 600 ብር ላይ ተቸክሎ ነበር፣ ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ግብር ይቆረጥበታል፣ ዘይትና ጤፍ የት እንደደረሰ እያወቅን። ያ ጥያቄ በየሜይ ዴይው ሲነሳ ኖሮ በ2017 ሐምሌ ላይ በጸደቀው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ። በቂ ነው አልልም፣ ግን ተንቀሳቀሰ። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለሉ ጉዳይ ደግሞ እንደዛው፣ በ2011ዱ አዋጅ ላይ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ተብሎ ተጻፈ፣ ከዛ በኋላ ዓመታት ሲቆጠሩ ወለሉ ሳይቆረጥ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀማሪ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይሄም በዓለም ላይ ካሉ ልብስ አምራች አገሮች ዝቅተኛው እንደሆነ ሲያሳይ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር፣ ወለል የሌለው ቤት ውስጥ ሰው የት ድረስ እንደሚወርድ ያየንበት ቁጥር ነው። ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ የሚያነሳው ቀን ከጠፋ ጥያቄው ራሱ ከሰው አፍ ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁ።

ለዚህም ነው በ2015 የሆነው ያሳዘነኝ። ኢሠማኮ በዛ ዓመት ሜይ ዴይ ላይ የኑሮ ውድነቱን አንስቶ ሰላማዊ ሰልፍ ሊወጣ አስቦ ነበር፣ ሰልፉ ሳይፈቀድ ቀረ። አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ስብሰባና ንግግር ጥሩ ነው፣ ግን ቀኑ ከመነሻው የአደባባይ ቀን ነው፣ አደባባይ የማይወጣ ሜይ ዴይ ግማሽ ነው። በደርግ ጊዜ ሠራተኛው ሳይወድ በግድ ይወጣ ነበር፣ በኋላ ደግሞ ሊወጣ ሲፈልግ አይሆንም ተባለ፣ በሁለቱም ጊዜ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ውጭ ያሉት እህቶቻችን ጋ ያለው ደግሞ ትምህርት ይሆነኛል። ሊባኖስ ውስጥ ሜይ 1 በዓል ነው፣ ግን የአገሪቱ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፣ ከፋላ በሚሉት ሥርዓት አሠሪዋ እጅ ላይ ነው ሕጋዊነቷ። ቤይሩት ያሉ የኛ ልጆች፣ ከፊሊፒንስና ከስሪላንካ ከሌላም አገር ከመጡት ጋር ሆነው፣ ለዓመታት በሜይ ዴይ ሰሞን ከፋላ ይቅር ብለው ሰልፍ ሲወጡ ኖረዋል፣ ሰልፉን ግን እሁድ ነበር የሚያደርጉት። ለምን መሰላችሁ፣ በሠራተኞች ቀን ፈቃድ የላቸውም፣ ከቤት መውጣት የሚችሉት እሁድን ብቻ ነው፣ እሱንም ዕረፍት ያገኙት ብቻ ናቸው። ይሄን ሳነብ ያቺ የሳይት በር ላይ ያየኋት ሴት ናት የመጣችብኝ፣ ቀኑ ለሁሉም ተብሎ ይታወጃል፣ በሩ ላይ ሲደርስ አንዳንዶች ውጭ ይቀራሉ።

ስለዚህ እኔ የምለው ቀኑ ይቆይ፣ ግን አንቀጽ 74 ይስተካከል። የቀን ሠራተኛ ከበዓሉ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ለምሳሌ አራት ቀን እዛው ሳይት ከሠራች የበዓሉ ቀን ሂሳብ ይከፈላት የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢገባ በቂ ነው። ሕጉ እስኪሻሻል እንኳ መንግሥት ራሱ ትልቁ አሠሪ ነው፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሕንፃው የሚሠራው በመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ጨረታ ሲያወጣ ውሉ ውስጥ ኮንትራክተሩ ለቀን ሠራተኛ የበዓል ሂሳብ ይከፍላል ብሎ ማስገባት ይችላል፣ ኮንትራክተሩም ዋጋ ሲሰጥ አስቦ ይሰጣል፣ ማንም አይጎዳም። ለስድስት ሠራተኛ ወርክሾፕ ደግሞ በዓሉ ከሌላ በዓል ጋር በአንድ ሳምንት ሲገጣጠም ከሠራተኞቹ ጋር ተስማምቶ ዕረፍቱን ወደ ሌላ ቀን የሚያዛውርበት መንገድ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ስምምነቱ የእውነት ስምምነት እስከሆነ ድረስ። የቤት ሠራተኞች ደንብም ቃል እንደተገባው ይውጣ፣ ሳምንታዊ ዕረፍትና ሜይ ዴይ ውስጡ ይኑሩ።

እኛ ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ አለችን፣ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ዘንድሮ ሚያዝያ 22 ማታ ስትወጣ ነገ አትምጪ፣ ሂሳብሽ ግን አለ አልናት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ልናሰናብታት መስሏት "ምን አጠፋሁ ጋሼ?" አለችኝ፣ እስክናስረዳት ፊቷ አልተመለሰም። በነጋታው ቤታችን ተዝረክርኮ ነው የዋለው፣ ቡናውን ልጄ አፈላችው፣ ሳህኑን እኔ አጠብኩ። በማግስቱ ስትመጣ እንዴት ዋልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ቤቷ ሩቅ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሳይነጋ ወጥታ ከመሸ ነው የምትገባው፣ ልጇን ተኝታ ትታት ትወጣለች ተኝታ ታገኛታለች። "እስከ 3 ሰዓት ተኛሁ" አለችኝ፣ ትንሽ እያፈረች፣ "ከዛ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን ፀጉር ሠራሁላት።"